ድሪያኖን ከሰማይ ሲጠብቁ የኖሩት የኢንጂነር ሃሪክሊያ ሲዴሪ የሕይወት ታሪክ

አንድ ሰው መሬቱ እንደሚሄድ ራሱ ለክቶ፣ ራሱ መስክሮ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ከዚያ መሬት ካስወጣ በኋላ፣ "እኔን እዚያው ቅበሩኝ" ብሎ የሚናዘዘው ለምንድን ነው? አስከሬናቸውን ከዚህ ከታችኛው ድሪያኖ ቤተ ክርስቲያን አንሥተን ወደ ላይኛው ልንወስድ የተሰበሰብን ሁሉ ይህንን እርስ በርስ ስንጠያየቅ ሰንብተናል። ታሪካቸውን እንድጽፍ ከታዘዝኩበት ቀን ጀምሮ እኔም ሳወጣና ሳወርደው ነበር። አሁንም መልሱን አገኘሁት ብዬ በፊታችሁ ለመቆም አልደፍርም። የማውቀውን ግን ከመጀመሪያው አንሥቼ አነባለሁ።

ኢንጂነር ሃሪክሊያ ሲዴሪ ከአባታቸው ከግንበኛው አናስታሲስና ከእናታቸው ከፖሊክሴኒ፣ በኤፒሮስ ተራሮች በላይኛው ድሪያኖ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ ወር 1954 ተወለዱ። የተወለዱት በረዶው መንገዱን ዘግቶ አዋላጇ ከማዶ መንደር መሻገር ባልቻለችበት ሳምንት እንደ ነበር እናታቸው ይናገሩ ነበር።

አባታቸው እንደ መንደሩ ወንዶች ሁሉ ከጸደይ እስከ መኸር በሰው አገር ድልድይና ትምህርት ቤት ሲገነቡ ከርመው፣ በረዶው ሳይጥል ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። በድሪያኖ ሲገነቡ ግን ቱንቢያቸውን ከመጣላቸው በፊት ዓይናቸውን ወደ ቅድስት ፓራስኬዊ ጸሎት ቤት ያነሣሉ። ጸሎት ቤቷ ከመንደሩ አናት፣ ከአንድ ትልቅ ዐለት ላይ ተቀምጣለች። የድሪያኖ ሰው የቤቱን ደፍ ከፍታ፣ የአጥሩን ወሰንና የውኃውን ቦይ የሚለካው ከዚያች ዐለት ተነሥቶ ነበር። ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ "ዐለቷ ትፍረደን" ይባባላሉ፤ ገመድ ተዘርግቶ ጠቡ እዚያው ይበርዳል። ሕፃኗ ሃሪክሊያ የአባታቸውን ገመድ ጫፍ ከዐለቷ ላይ ይዘው የመቆም ሥራ ነበራቸው። "ልጄ፣ እጅሽ ይንቀጥቀጥ ግድ የለም፤ ዐለቷ አትንቀጠቀጥም" ይሏቸው እንደ ነበር ኋላ በምሬት ያስታውሱት ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በዮአኒና ከተማ ከአባታቸው እህት ቤት ተቀምጠው ተከታተሉ። በ1972 አቴንስ ገብተው የቅየሳ ምህንድስና ሊያጠኑ ሲነሡ አባታቸው፣ "ሴት ልጅ መሬት ለክታ ምን ልታደርግ? መሬቱ እንደሆነ የትም አይሄድ!" ብለው ነበር። ከተመረቁ በኋላ ወደ ጀርመን ተሻግረው ከሳተላይት የሚመጣ የራዳር ምስል ማንበብን ተማሩ። በ1984 ተመልሰው በአቴንስ በአንድ የመንግሥት የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 2017 ድረስም እዚያው አገለገሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተቃጠሉ ደኖችን ስፋት፣ የጎርፍን ወሰን፣ የጉድጓድ ውኃ ያለ ልክ ስለተቀዳባቸው የሚሰምጡ ሜዳዎችን ከሰማይ እያዩ መዝግበዋል። በ1985 ከመርከብ መካኒኩ ከስቴርዮስ ጋር ተጋብተው በፍቅር ኖረዋል፤ ልጅ አልወለዱም። አቶ ስቴርዮስ በ2008 ዐረፉ።

በ2003 በረዶው ሲቀልጥ የላይኛው ድሪያኖ ትምህርት ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀ። መንግሥትም መንደሩን ወደ ሜዳ ለማውረድ ማጥናት ጀመረ። የመንደሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሱሊስ አቴንስ ደውለው፣ "የአናስታሲስ ልጅ፣ ይሄ ሰማይ ላይ ያለው ጉድሽ እኛንም ያየናል ወይስ የሚያየው ሀብታም ሀብታሙን ነው?" አሏቸው። እሳቸውም "ያያችኋል፤ እንደውም መላጣ መላጣውን በደንብ ያያል" ብለው መለሱላቸው።

የሠሩትን ስሕተት ሰው እንዲረዳው ስለፈለጉ ሥራውን ራሳቸው ባስረዱኝ መንገድ እናገራለሁ። ሳተላይቷ በአንድ አገር ላይ ባለፈች ቁጥር ጨረር ወደ መሬት ትልካለች፤ ተመልሶ የሚመጣውንም እንደ ገደል ማሚቶ ታደምጣለች። የዛሬውን ማሚቶ ካለፈው ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ጣሪያ የጥፍር ውፍረት ያህል እንኳ ሸሽቶ እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን "ይህ ሄደ" የሚባለው "ያ ቆሟል" ከተባለ ሌላ ነገር ጋር ተነጻጽሮ ነው። የሚቆመውን ደግሞ የሚመርጠው ሰው ነው። በድሪያኖ ዙሪያ ያለው ደን ነው፤ ቅጠል ማሚቶውን ያተራምሰዋል። በዚያ ዘመን ምስል ላይ ጥርት ያለ መልስ የሚሰጡት የመንደሩ የድንጋይ ጣሪያዎችና ያቺ ዐለት ነበሩ። ኢንጂነር ሃሪክሊያ ዐለቷን መረጡ። የድሪያኖ ልጅ ሆኖ ሌላ የሚመርጥ ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ በቅድስት ፓራስኬዊ በዓል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ በጸሎት ቤቷ ቅጥር ግቢ ቆመው ያገኙትን ተናገሩ፤ ቤቶቹ ከዐለቷ አንጻር አልተንቀሳቀሱም፣ የትምህርት ቤቱ ስንጥቅ የመሠረት ጉዳይ ነው አሉ። ቅድስቷ የዓይን በሽተኛ ስለት የሚሳልላት ስለሆነች በሥዕሏ ሥር የብር ዓይኖች ተንጠልጥለዋል፤ ያን ቀን ሰው ሁሉ የእሳቸውንም የሰማይ ዓይን ከእነዚያ እንደ አንዱ ቆጠረው። የጋሽ ሱሊስ ጎረቤት እማማ ያኑላ፣ "እንግዲህ ከላይ የምታዪን ከሆነ ሱሊስ ፕሪሜን ሲለቅምም ንገሪኝ!" ብለው ጮኹ። ጋሽ ሱሊስም "ለፕሪሙ ሳተላይት ምን ያደርጋል፣ ኪሴን ዳብሺ!" አሉ። እስኪመሽ ተጨፈረ። መንደሩን የማውረዱ ጥናት ተዘጋ። ታናሽ ወንድማቸው፣ አባቴ ኮስማስ፣ "እህቴ ቆሟል ካለች ቆሟል" ብለው እኔ ተምሬ ስመለስ የምኖርበትን ሁለተኛ ፎቅ በቤታቸው ላይ ሠሩ።

በ2012 መጨረሻ እናታቸው ወይዘሮ ፖሊክሴኒ ዐርፈው በላይኛው መንደር መካነ መቃብር፣ ከአባቴ አትክልት ቦታ ጥግ ተቀበሩ።

በ2016 ከአዳዲስ ሳተላይቶች የሚመጣው ምስል ቶሎ ቶሎ የሚደርስና የጠራ ሆነ። ኢንጂነር ሃሪክሊያ ከሸለቆው ማዶ ያለውን ራቁት ተራራ መነሻ አድርገው የድሪያኖን ስሌት እንደገና ሠሩ። ያገኙትን አላመኑምና ደግመው ሠሩ፤ ለሥራ ባልደረባቸውም ምንነቱን ሳይነግሩ አሠሩ። ውጤቱ አንድ ነበር። ቤቶቹም ዐለቷም፣ በአንድ መርከብ እንደ ተሳፈሩ ሰዎች፣ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ወንዙ ይወርዱ ነበር። አንዱ ሌላውን ሲያይ ቆሞ ያየዋል። ፍጥነቱም ከዓመት ዓመት ይጨምር ነበር።

ጉዳዩን በመሥሪያ ቤታቸው ማኅተም አሽገው መላክ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የበዓሉን ዕለት ጠብቀው ያኔ ከተናገሩበት ቦታ ላይ ቆሙና "ተሳስቻለሁ። ዐለቷም ትሄዳለች። መውጣት አለባችሁ" አሉ።

መጀመሪያ የተናገሩት እማማ ያኑላ ነበሩ፤ "ቅድስቷ ወዴት ነው የምትሄደው? አቴንስ ለሕክምና?" ግቢው በሳቅ አስተጋባ። ጋሽ ሱሊስ ግን አልሳቁም። "የአናስታሲስ ልጅ፣ ያኔ ቆማለች ስትዪን ጨፈርን። አሁን ትሄዳለች ስትዪን እንሩጥ? ነገ ተመልሰሽ ቆማለች ብትዪንስ?"

"ያኔ ያመናችሁኝ ደስ ስላላችሁ ነው፤ አሁን ደስ ሳይላችሁ እመኑኝ" አሏቸው።

ማመኑ አንድ ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ የድሪያኖ ሰዎች ለመውጣት ተስማሙ፤ አንድ ነገር ግን አጥብቀው ጠየቁ። ሙታናችንን ጥለን አንወርድም አሉ። በአገራችን ልማድ ሟች በመቃብሩ አምስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ዓጽሙ ወጥቶ፣ በወይን ታጥቦ፣ በሣጥን ሆኖ በዓጽም ቤት ይቀመጣል። የቀደሙት በዓጽም ቤቱ ነበሩና ሣጥኖቻቸው በጭነት መኪና ወረዱ። በመቃብር የቀሩትንም ጊዜያቸው እየደረሰ አፈለሱ። የመጨረሻዋ ሟች ወይዘሮ ፖሊክሴኒ ነበሩ። በ2017 መገባደጃ መቃብራቸው ሲከፈት ግን አፈሩ አልፈታቸውም፤ እንደ ተቀበሩ ነበሩ። ካህኑ ጸሎት አድርሰው መልሰው ሸፈኗቸው።

አፈር ያልፈታው ሰው ከኋላው ያልተፈታ ነገር አለ ይባላል። ኢንጂነር ሃሪክሊያ ለአባቴ፣ "ኮስማ፣ መሬቱ እየተንሸራተተ ውኃ አቁሯል። ጭቃ ውስጥ አየር የለም፤ ሌላ ነገር አይደለም" ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። አባቴም በሰው ፊት፣ "አንቺ ለሁሉ ነገር ምክንያት አታጪም። ዐለቷ ለመቆሟም ነበረሽ፣ ለመሄዷም አለሽ። እናታችን እስክትለቀቅ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ያልተለቀቀችው ደግሞ በማን ቃል እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ" አሉ። እህትና ወንድም ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። እኔም ካለሁበት ሩቅ አገር ደውዬ አባቴን ለምኛለሁ። "አንቺ ትምህርትሽን ጨርሺ፣ እኔም እናቴን ልጨርስ" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ ማንኛቸው ልክ እንደ ነበሩ ያን ጊዜም አላውቅም ነበር፤ ዛሬም የማውቀው በከፊል ነው።

በ2018 ሌላው ሰው ሁሉ ወርዶ በላይኛው ድሪያኖ አባቴ ብቻ ቀሩ። ኢንጂነር ሃሪክሊያም የአቴንስ ቤታቸውን ትተው ከዚህ ከታችኛው ድሪያኖ ሁለት ክፍል ተከራዩ። ከመስኮታቸው የወንድማቸው ጣሪያ ይታያል። በዚያው በጋ የማዘጋጃ ቤቱን ሠራተኞች አስከትለው ወጡና ከአባቴ አትክልት ቦታና ከእናታቸው መቃብር መካከል ሦስት የብረት ገጾች ተጋጥመው አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ነገር አስተከሉ። ይህ ብረት የሳተላይቷን ጨረር አጥርቶ ስለሚመልስ በምስሉ ላይ እንደ ኮከብ የበራ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሰዉ "የሃሪክሊያ ገንዳ" አለው። ሲተከል አባቴ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ተመለከቱ። አልነቀሉትምም።

በመጀመሪያው የበረዶ ወር ነጥቡ ከምስሉ ጠፋ። በረዶ ገንዳውን ሞልቶት ነበርና አክስቴ እስከ ጸደይ አላየውም ብለው ቆረጡ። ሳተላይቷ ተመልሳ ስታልፍ ግን ነጥቡ ቦግ ብሎ በራ። በረዶ ብቻውን ከዚያ ውስጥ አይወጣም። አባቴ ጠርገውት ነበር። ያን ቀን አክስቴ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ወደ ቤታቸው እየጎተቱ አረቄ ቀዱላቸው። እማማ ያኑላ፣ "ምን ተገኘ? ባል?" ቢሏቸው፣ "ወንድም" ብለው መለሱ።

ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው እንዲህ ሆነ። ሳተላይቷ ከማለፏ በፊት በነበረው ምሽት ለወንድማቸው በስልክ አጭር መልእክት ይልካሉ፤ መሬቱ ምን ያህል እንደሄደ ይነግሯቸዋል፤ "ውጣ" ይሏቸዋል። አባቴ አንድም ጊዜ አልመለሱም። በበረዶ ወራት ግን ነጥቡ ይበራል። አክስቴም "ዛሬም ተነጋገርን" ይላሉ። መቃብሩ በ2021 እንደገና ተከፈተ፤ አያቴ አሁንም አልተፈቱም ነበር።

በፌብሩዋሪ 2023 እርጥብ በረዶ ሳያባራ ጣለ። ማሚቶው ሁሉ ተደበላለቀ፣ ነጥቡም ጠፋ፤ ኢንጂነር ሃሪክሊያ መሬቱ ፈጥኖ እንደሆነ ማየት ተሳናቸው። ከዚያ ሳተላይቷ በምታልፍበት ዕለት ማለዳ የአትክልት ቦታው፣ መካነ መቃብሩና ገንዳው ተናደው ወንዙ ድረስ ወረዱ። ቤቱ አልተነካም። በአክስቴ ቃል የተሠራው ሁለተኛ ፎቅ ሳይቀር ዛሬም ቆሟል። ፈላጊዎች ሲደርሱ በሩ ክፍት፣ ምድጃው ሙቅ ነበር። አባቴ አልነበሩም፤ ቡትስ ጫማቸው አልነበረም፤ ከበሩ ኋላ የሚቆመው መጥረጊያም አልነበረም። እስከ ዛሬ አልተገኙም። እናትና ልጅ በአንድ አፈር ሥር ናቸው።

እኔ ለአባቴ ተዝካር መጣሁና ሳልመለስ ቀረሁ። አክስቴ በ2024 መኸር የጣፊያ አካባቢ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በዮአኒና ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው በማርች 11 ቀን 2025 በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከመሞታቸው በፊት ሁለት ነገር አዘዙኝ። አንደኛው ከጸሎት ቤቷ ሥር፣ ናዳው ከቆረጠው ጠርዝ አጠገብ እንዲቀበሩ፣ ዓጽማቸውም ለወደፊቱ እንዳይወጣ ነበር። "አክስቴ፣ ለምን እዚያ?" ብላቸው፣ "እዚያ ዛፍ የለም፤ ከላይ በደንብ እታያለሁ" ብለው ቀለዱብኝ። ሁለተኛው ትእዛዝ በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ የማነበው ነው። አይነበብ ብዬ ተከራክሬያቸው ነበር። "የመጀመሪያውን ስሕተቴን በአደባባይ ተናግሬ ሁለተኛውን በጓዳ ልደብቅ?" አሉኝ። ስሕተት መሆኑንስ ማን ያውቃል ብላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ማዘጋጃ ቤቱ ለቀብሩ የግማሽ ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። ወደ ላይ የሚወጡት ካህኑ፣ ተሸካሚዎቹና እኔ ብቻ ነን፤ ሌሎቻችሁ ንፍሮውን ቀምሳችሁ እዚሁ ጠብቁን። ኢንጂነር ሃሪክሊያ ሲዴሪ የወንድማቸውን ልጅ እኔን ቫያን፣ የባለቤታቸውን ቤተሰቦች፣ እንዲሁም በአንድ ቃላቸው የቆዩና በአንድ ቃላቸው የዳኑ የድሪያኖን ሰዎች ትተው አልፈዋል። የእኛን ነገር ከቅርብም ከሩቅም ያለ ስሕተት የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በማይናድ ቦታ ያሳርፍልን፤ ከእናታቸውና ከወንድማቸውም ጋር ያስታርቃቸው።

አንብቢ ያሉኝ ይህ ነው። አባቴ ከመጥፋታቸው በፊት በነበረው ምሽት ከአክስቴ ስልክ ወደ አባቴ ስልክ የተላከ መልእክት ነው። ያን ሌሊት መስመሩ በበረዶ ይቆራረጥ ስለነበር አባቴ አንብበውት ይሁን ሳያነቡት አይታወቅም፤ ሳተላይቷ የምታልፍበትን ማለዳ ግን ሳይነገራቸውም ያውቁት ነበር።

"ኮስማ፣ ገንዳው በረዶ ሞልቶበታል መሰለኝ፣ አትታየኝም። ነገ ማለዳ ታልፋለች። እባክህ ወንድሜ፣ ወጣ ብለህ ጥረግልኝ።"